«በጣም ጥሩ ነው» በል

ወረቀቱ አልላቀቅ አላት። እናትየው ወንበር ላይ ቆማ በሽንኩርት ቢላዋ ጠርዝ ጠርዙን ስትፍቀው ማዕዘኑ ብጥቅ ብጥቅ እያለ መዳፏ ላይ ይቀራል፤ መካከሉ ግን ከግድግዳው ጋር አብሮ የተፈጠረ ይመስል ሙጭጭ ብሏል። የለጠፈው ልጇ ነው። ልጇ ደግሞ አንድ ነገር ከለጠፈ ለጠፈ ነው። ሴራሚክ አንጣፊ በነበረበት ጊዜ እሱ ያነጠፈውን ወለል ሊያነሳ የመጣ ሰው መዶሻውን ሰብሮ ተመለሰ እየተባለ በየሕንፃው ይቀለድ ነበር። የሥራ ጓደኞቹ «ውሃ ልክ» ብለው አወጡለት፤ አንዲት ጥግ ለዓይን በማይታይ ልክ ከተዛባች እንቅልፍ አይወስደውም ብለው። አሁን ያ ውሃ ልክ የተባለው ልጅ አልጋው ጫፍ ላይ አንድ እግሩ ላይ ካልሲ አጥልቆ፣ ሌላኛውን ካልሲ በእጁ ይዞ ተቀምጧል። ቀጥሎ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚነግረው ሰው እየጠበቀ ነው። ካልነገሩት እስኪመሽም ቢሆን እንዲሁ ይቀመጣል።

«እማ፣ ለምን ታነሺዋለሽ?» አላት።

«አርጅቷል።»

«አላረጀም። ዝንፍ አላለም እኮ። በውሃ ልክ ለክቼ ነው የለጠፍኩት።»

«አውቃለሁ የኔ ጌታ። ካልሲህን አጥልቅ።»

ካልሲውን አጠለቀና ቀና ብሎ አያት።

«ጫማ።»

ጫማውን አደረገ።

በመጨረሻ ወረቀቱ ተገነጣጥሎ ወረደ። የነበረበት ቦታ ላይ ከሌላው ግድግዳ የነጣ አራት ማዕዘን ቀረ። «ተነስ» ስትለው ልጁ መጣና ከባዶው ቦታ ፊት ቆመ። ከቤት ከመውጣቱ በፊት ሁልጊዜ እንደሚያደርገው እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ምንም ያልተጻፈበትን ግድግዳ ጮክ ብሎ አነበበው። «ሰው ሲጠይቅህ፣ በጣም ጥሩ ነው በል።»

እናትየው ቁርጥራጩን በመዳፏ ጨብጣ ከወንበሩ ወረደች።

ቤቱ ሁለት ክፍል ሲሆን በወረቀት የተሸፈነ ነው። ከምድጃው በላይ «እሳቱን አጥፋ»፣ ከበሩ እጀታ በላይ «ቁልፉ አንገትህ ላይ ነው»፣ መታጠቢያው ጋ «መጀመሪያ ቀዝቃዛውን ክፈት» ይላል። እነዚህን ሁሉ የጻፈችው ታላቅ እህቱ ናት፤ በመሥሪያ ቤቷ ማተሚያ አትማ፣ ፕላስቲክ አልብሳ ነው ያመጣቻቸው። ከሁሉም መካከል በእጅ የተጻፈው ያ አሁን የተፋቀው ብቻ ነበር። እሱን የጻፈችው እናትየው ናት። ልጇ ከሦስተኛ ፎቅ መወጣጫ ላይ ወድቆ አርባ አንድ ቀን ዓይኑን ሳይገልጥ ቆይቶ ከሆስፒታል ሲወጣ፣ የመድኃኒቱን ብልቃጥ ማንበብ ባለመቻሏ የጠዋቱን በማታ ሰጥታው አደረች። በማግስቱ ሄዳ የጎልማሶች ትምህርት ተመዘገበች። ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። ከሰባት ወር በኋላ ከሰሌዳ ሳትገለብጥ፣ ከራሷ አውጥታ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገሯን የጻፈችው በዚያ ወረቀት ላይ ነው። መምህርቷ ለክፍሉ ሁሉ አንብባላት ተጨብጭቦላት ነበር።

ያን ዓረፍተ ነገር ያስጻፋት ደግሞ ሰው ነው። ልጇ ከሆስፒታል እንደወጣ ደህና ነህ ወይ ያለውን ሁሉ እውነቱን ይነግር ነበር። ለባለ ሱቁ ሱሪዬ ላይ ሸናሁ ይለዋል። ለጎረቤት እናቴ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃ ከፍታ ታለቅሳለች ይላል። እጮኛው ወላጆቿን ይዛ ልትጠይቀው የመጣች ቀን፣ እንዴት ነህ ልጄ ቢሉት፣ «የምንጋባ አይመስለኝም፤ ስሟ ይጠፋኛል» ብሏቸው አረፈ። ከዚያ ቀን በኋላ አልተመለሰችም። እህቱ የመሥሪያ ቤት አለቃዋን ይዛ ስትመጣም እንዲሁ ሆነ፤ ምን እንዳለ እናትየው እስከዛሬ ለማንም አትናገርም። እህትየው ደረጃው ላይ ቆማ ፊቷ በርበሬ መስሎ፣ «እማዬ፣ ወይ አስተምሪው ወይ እኔ ሰው ይዤ አልመጣም» አለች። ሰው ይዛ አልመጣችም፤ ብቻዋንም እየመጣች የምትቆይበት ጊዜ እያጠረ ሄደ። እናትየው አስተማረችው። አሥራ አንድ ወር ሙሉ በየጠዋቱ ወረቀቱ ፊት እያቆመች አስነበበችው። ከዚያ ራሷ እንደ እንግዳ በር አንኳኩታ ትገባና፣ «እንዴት ነህ?» ትለዋለች። «በጣም ጥሩ ነው፤ አንቺስ ደህና ነሽ?» ይላል። «ጎበዝ!» ትለዋለች፤ ፊቱ ይበራል። ቁርስ መብላቱን የሚረሳ ልጅ ይቺን አልረሳም። ሰዎችም መጠየቃቸውን ቀጠሉ። ልጅሽ እኮ ዳነ ይሏታል።

ትናንት ግን የአንድ አውቶቡስ ሹፌር ሚስት ደወለችላት። ሹፌሩም ከልጇ ጋር ጭንቅላታቸው የተጎዳ ሰዎች በሚሠለጥኑበት ማገገሚያ፣ ማክሰኞና ዓርብ አብሮ የሚውል ሰው ነው። «ግምገማ ተጀምሯል» አለቻት። «ሃያ አራት ጥያቄ ነው፤ ሕይወትህ እንዴት ነው፣ ደስ ይልሃል ወይ የሚል። ከሰማንያ በላይ ያመጣውን ያስወጡታል። የኔውን ጉድ አትጠይቂኝ፤ ኮራ ብሎ ምን ጎሎኝ ብሎላቸው መጣ። ነገ የልጅሽ ተራ ነው፤ አስጠንቅቂው።» እናትየው ስልኩን ዘግታ ቀና ስትል መጀመሪያ ዓይኗ ያረፈው ግድግዳው ላይ ነበር።

ማገገሚያው ለሷ ምን እንደሆነ ለሰው ማስረዳት አትችልም። እዚያ ልጇ ፊት አንድ ትሪ ያስቀምጣሉ፤ አሸዋ ተነጥፎበት፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያካክሉ የሴራሚክ ቁርጥራጮች ይሰጡታል፤ ይደረድራል። ባለፈው ወር አንድ ዓርብ፣ ደርድሮ ከጨረሰ በኋላ ማንም ሳይነግረው ብድግ ብሎ ትሪውን ወደ ቧንቧው ወስዶ አጠበው። አሠልጣኙ ከኋላው በእጁ እናትየውን ዝም በይ አላት። ሁለቱም እስኪጨርስ አዩት። በሁለት ዓመት ውስጥ ሳይታዘዝ ያደረገው የመጀመሪያው ነገር ያ ነበር። አሠልጣኙ በኋላ ኮሪደር ላይ፣ «አንዴ ከጀመረ ይቀጥላል እትዬ፤ ብቻ እንዳይቋረጥ» አላት። ብቻ እንዳይቋረጥ የሚለውን ቃል ደብተሯ ላይ ጽፋ አስቀምጣዋለች።

አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ ቆመው ልታስጠናው ሞከረች።

«ዛሬ አንዲት ልጅ ትጠይቅሃለች። እውነቱን ንገራት። ራስህን ያምሃል አይደል?»

«ያመኛል። እዚህ ጋ።»

«ጎሽ። እንደሱ በላት። መንገድ ይጠፋሃል አይደል?»

«ማን ነው ያለው?»

«ባለፈው ሳምንት ዳቦ ልኬህ ፖሊስ አይደል ያመጣህ?»

ልጁ ፈገግ አለ። «ቀልድሽ ነው። እኔ ይሄን ሰፈር ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ።»

«እሺ፣ ራሴን ያመኛል በላት። ይቺን ብቻ።»

«ያመኛል። ያመኛል። ያመኛል» እያለ አውቶቡሱ እስኪመጣ ደጋገመው፤ አጠገባቸው የቆሙ ሁለት ሴቶች ፈቀቅ አሉ። አውቶቡሱ ውስጥ ሞተሩና ሰዉ ሲንጫጫ ሁለት ጆሮውን በእጆቹ ደፍኖ፣ ግንባሩን ከፊቱ ካለው ወንበር ጀርባ ላይ አስደግፎ ሄደ። እናትየው ጀርባውን ስታሽለት ከሸሚዙ ሥር አጥንቱ ሲንቀጠቀጥ ይሰማታል። ሲወርዱ ጠየቀችው። «ምን ትላታለህ?»

«ለማን?» አላት።

በሩ ላይ ዘበኛው ከሩቅ አይቷቸው እጁን ዘረጋ። «ውሃ ልክ! እንዴት አደርክ?»

«በጣም ጥሩ ነው! አንተስ ደህና ነህ?»

«ይሄው ነው እኮ!» አለ ዘበኛው ወደ እናትየው ዞሮ። «ስንቱን ፊቱን ቋጥሮ የሚገባ ሳሳልፍ እውላለሁ። ደስ የሚል መልስ የሚሰጠኝ ያንቺ ልጅ ብቻ ነው። ምን እያበላሽው ነው?» እናትየው ልጇን በክንዱ ይዛ ወደ ውስጥ መራችው።

የጥያቄው ክፍል ጠባብ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ የማይሠራ የአየር ማቀዝቀዣ። ሙቀቱን ፈርተው በሩን ገርበብ አድርገውታል። ጠያቂዋ ሃያ አራት ወይም ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ሰዓቷን ደጋግማ የማታይ፣ ጨዋ ልጅ። እናትየው አብራ ልትገባ ስትል በትሕትና ከለከለቻት። «ይቅርታ እናቴ፣ ታካሚው ብቻውን ነው የሚመልሰው። ቤተሰብ ካለ ሰዎች እውነቱን አይናገሩም።» ስለዚህ እናትየው ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ፣ ለበሩ ቅርብ በሆነው በኩል ተቀመጠች። ቦርሳዋን እንደ ሕፃን አቅፋ ጆሮዋን ጣለች።

«ባለፉት ሁለት ሳምንታት ነገሮችን በማስታወስ ችሎታዎ ምን ያህል ረክተዋል?» ልጅቷ ከወረቀቱ ላይ በአንቱታ ታነባለች። «ምንም፣ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ በጣም፣ እጅግ በጣም።»

«በጣም ጥሩ ነው።»

«በጣም ማለት ነው ወይስ እጅግ በጣም?»

«በጣም ጥሩ ነው። አንቺስ ደህና ነሽ?»

ልጅቷ ሳቀች። «ደህና ነኝ፣ ተመስገን። እሺ። ያለ ሰው እርዳታ ቀንዎን በማሳለፍ ምን ያህል ረክተዋል?»

«በጣም ጥሩ ነው።»

«ብቸኝነት ምን ያህል ያስቸግርዎታል?»

«ጥሩ ነው።»

«አያስቸግርህም ማለት ነው አይደል?» አንቱታው ቀረ። «ደስ ይላል። ቁጣስ? የማይሆን ነገር አድርጌ ይሆን ብሎ መጨነቅስ?»

«በጣም ጥሩ ነው።»

እናትየው የብዕሩን ድምፅ ትሰማለች። ጭር፣ ጭር፣ ጭር። እያንዳንዷ ምልክት ልጇን ከዚያ ትሪ አንድ አንድ ስንዝር ስታርቀው ይታያታል። የሕመም ጥያቄ እስኪመጣ እግሯን መሬት ላይ ተክላ ጠበቀች። «ሕመም፣ ለምሳሌ ራስ ምታት፣ ምን ያህል ያስቸግርሃል?» ስትል ጠያቂዋ፣ እናትየው ሳታውቀው ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ያመኛል በል፣ ያመኛል በል። ውስጥ ዝም ተባለ። ልጁ እያሰበ ነበር። አንድ ነገር ተነግሮት እንደነበር የተሰማው ይመስላል። ወንበሩ ተንቋቋ። ከዚያ እፎይ ያለ የሚመስል ድምፁ መጣ። «በጣም ጥሩ ነው።»

እናትየው ተነስታ በሩን ገፋችው።

«ልጄ ያስጠናሁትን ነው የሚመልስልሽ» አለች። «እኔ ነኝ ያስተማርኩት። ሰው ሲጠይቅህ እንዲህ በል ብዬ ጽፌ አስለጥፌው፣ በየቀኑ እያነበበ ነው። ደህና ስለሆነ አይደለም።»

ልጁ እናቱን ሲያይ ደስ አለው። «እማ፣ ነይ፣ ጥሩ ልጅ ናት» አላት።

ጠያቂዋ ብዕሯን አስቀመጠች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ለእናትየው ይሻላት ነበር። «እናቴ፣ ይገባኛል። ብዙ ቤተሰብ እንደዚህ ይለኛል። ግን ይሄ መጠይቅ የተዘጋጀው ታካሚው በራሱ አፍ እንዲናገር ነው። ዱሮ ቤተሰብ ነበር የሚመልስላቸው፤ እነሱ እንደሌሉ ይቆጠር ነበር። አሁን የሱ መብት ነው።»

እናትየው ልጇን ማንም ሳይጠይቀው የሚናገሩለትን ሰዎች ሁለት ዓመት ሙሉ ስትረግም ኖራለች። ልጅቷ ያለችው ስህተት አልነበረም። «ጥቂት ነው የቀረን» አለች ልጅቷ። እናትየው ወጣች። በሩ አሁን ተዘጋ።

ድምሩ ከመቶ ሃያ መቶ ስምንት ሆነ። ያን የነገረቻቸው የክፍሉ ኃላፊ ሲስተሯ ናት፤ መነጽሯን በፀጉሯ ላይ ሰክታ፣ አንድ እጇ መዝገቡ ላይ፣ ሌላው ስልኩ ላይ የሆነች፣ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ እንኳ ያልጠጣች የምትመስል ሴት። እንኳን ደስ ያላችሁ ልትል ጀምራ የእናትየውን ፊት ስታይ ተወችው። ስልሳ ሦስት ሰው ተራ እየጠበቀ መሆኑን፣ ከነሱ መካከል ምራቅ መዋጥ ያልቻሉ እንዳሉ፣ ወንበሩ ደግሞ አሥራ ሁለት ብቻ መሆኑን ነገረቻት። እናትየው ምራቅ መዋጥ የማይችለውን ሰው፣ የዚያንም ሰው እናት አሰበች፤ ልትከራከር የከፈተችው አፍ ተዘጋ። «ግን እዚህ ጋ» አለች ሲስተሯ ቅጹን ገልብጣ፣ «የቤተሰብ አስተያየት የሚል አምስት መስመር አለ። በጽሑፍ ከሆነ እቀበላለሁ። ከምሳ በፊት ለኮሚቴው ስለምልክ ግማሽ ሰዓት አላችሁ። የሚጽፍልሽ ሰው አለ?»

ለሴት ልጇ ደወለች። እህትየው ከቢሮ ወጥታ እንደምታወራ ከድምፅዋ ያስታውቃል።

«ስንት አመጣ አልሽኝ?»

«ከመቶ ሃያ መቶ ስምንት።»

«ከመቶ ሃያ? እማዬ፣ ታዲያ ጥሩ አይደል እንዴ? እኔ ራሴ ብጠየቅ እኮ ያን አላመጣም።»

«ሊያስወጡት ነው።»

ከስልኩ ውስጥ በሩቅ የማተሚያው ድምፅ፣ የሰው ኮቴ ይሰማል። እናትየው ጠበቀች። ነይ አላለቻትም፤ እህትየውም ልምጣ አላለችም። ደረጃው ላይ የተባለው ነገር መካከላቸው ቆሞ ነበር፤ ሁለቱም ያውቁታል፣ ማናቸውም አልነኩትም። «በኋላ እደውላለሁ፤ አለቃዬ እየጠራኝ ነው» አለች እህትየው በመጨረሻ።

እናትየው ከቦርሳዋ ደብተሯን አወጣች። ቅጹ ላይ እንዳታበላሽ መጀመሪያ በደብተሯ ልትሞክር፣ ከዚያ ልትገለብጥ አሰበች። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ደብተሩን ጉልበቷ ላይ አደረገች፤ ልጇም ሁልጊዜ የቤት ሥራዋን ስትሠራ እንደሚያደርገው አጠገቧ ተለጥፎ ተቀመጠ። ማንበብና መጻፉ አልጠፋበትም። የሷ መስመር ሲንጋደድ ደብተሩን እየተቀበለ የሚያሰምርላት እሱ ነው። ስትጽፍም ቃል በቃል እየተከተለ ጮክ ብሎ ያነብላታል፤ እስከዛሬ ትወደው ነበር።

ብዕሩን እንደ መርፌ አጥብቃ ይዛ ጻፈች።

«ልጄ ደህና አይደለም» ብሎ አነበበ። ኮሪደሩ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ቀና አሉ። «እማ፣ የማን ልጅ ነው?»

እናትየው አንገቷን ሳታነሳ፣ «የአንዲት ሴት» አለች።

«ምስኪን» አለ ልጁ ከልቡ። «ምን ሆኖ ነው?»

ልታቆም ፈለገች። ቀና ብላ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች፤ አሥራ ሰባት ደቂቃ ቀርቷታል። ሁለተኛውን መስመር ጻፈች።

«መንገድ ይጠፋዋል።» ልጁ ራሱን ነቀነቀ። «ያስፈራል መንገድ ሲጠፋ። ሁሉም በር አንድ ዓይነት ይሆንብሃል።»

ጠዋት ይሄን ሰፈር ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ ያለው ልጅ ነው። እናትየው እጇ ቆመ። እንባዋን ለመመለስ ትንሽ ወደ ጣሪያው ቀና ብላ ቆየችና እንደገና አጎነበሰች። «እሳት ቢነሳ አይሸተውም።» ይሄን ቀስ ብሎ አነበበው። «ካልነገሩት ከተቀመጠበት አይነሳም።» ይሄን በሹክሹክታ አነበበው። አምስተኛውን ስትጽፍ ድምፁን ጨርሶ አልሰማችውም፤ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። «ደህና ነኝ የሚለው እኔ አስተምሬው ነው።»

እጁ ከጆሮው በላይ ወዳለው ጠባሳ ሄደ። ፀጉር ያላበቀለውን ቦታ በጣቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰው፤ የወለል ስንጥቅ እንደሚለካ ሰው።

«እማ» አለ ቀስ ብሎ። «ልጁ እኔ ነኝ?»

አንገቷን ቀና አላደረገችም። «ሰዓቱ ሊደርስ ነው፣ ልገልብጠው» አለች። ቅጹን ደብተሩ ላይ አደረገችና መገልበጥ ጀመረች። እሱም ሌላ አልጠየቃትም። ገልብጣ ስትጨርስ፣ ደብተሩ ላይ የነበረውን ገጽ በጥንቃቄ፣ ጠርዙ ሳይቦጨቅ ቀደደና ለአራት አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው፤ የቤቱ አድራሻ የተጻፈበት ካርድ ካለበት ኪስ።

ሲስተሯ ቆማ አነበበችው። መነጽሯን ከፀጉሯ ወደ ዓይኗ አወረደችና ደግማ አነበበችው። «አምናለሁ» አለች። «እኔም በዓይኔ የማየው ነው። ከፋይሉ ጋር ይያያዛል።»

«ያነቡታል?»

«ይያያዛል እናቴ። የሚታየው ቁጥሩ ነው።» ዝቅ ብላ መዝገቧን ገለጠች። «ከስድስት ወር በኋላ እንደገና ማመልከት ትችላላችሁ።»

ሲወጡ በሥልጠናው ክፍል በር በኩል አለፉ። ትሪው መስኮቱ ሥር ነው፤ ግማሹ ተደርድሯል፣ ግማሹ አሸዋ ነው። ልጁ በሩ ላይ ቆም ብሎ በዓይኑ ለካው። «ከግራ በኩል ሦስተኛዋ ትንሽ ከፍ ብላለች» አለው ለአሠልጣኙ። «ዓርብ አስተካክላታለሁ። ዓርብ እጨርሰዋለሁ።» አሠልጣኙ እናትየውን አየ። እሷ መሬቱን አየች። «እሺ ውሃ ልክ፣ ማንም አይነካትም» አለ አሠልጣኙ።

ቤት ሲደርሱ ከሰዓት በኋላ ሆኗል። እናትየው የውጭ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ምድጃው ጋ ሄዳ ሻይ ጣደች፤ ሻይ ስለፈለገች ሳይሆን ለልጇ ጀርባዋን ለመስጠት ምክንያት ስለሆናት ነው። ስድስት ወር ስንት ማክሰኞ፣ ስንት ዓርብ እንደሆነ ልታስብ ጀመረችና ፈራችው። ዓርብ ጠዋት ተነስቶ «ጫማ» በይኝ ሲላት ምን ትለዋለች? ውሃው ሲፈላ ከኋላዋ የመሳቢያ ድምፅ ሰማች። ዞር አለች። ልጁ ከተቀመጠበት ተነስቷል። ማንም ምንም አላለውም። ከመሳቢያው ቢጫዋን ውሃ ልክ አወጣ፤ ሙጫውን አወጣ። ወንበሩን ስቦ ግድግዳው ጋ አቆመና ወጣበት። ከደረት ኪሱ የታጠፈውን ወረቀት አውጥቶ ጭኑ ላይ አፍታታው፤ ሙጫውን ከዳር እስከ ዳር በጣቱ አዳረሰው፤ ነጩ አራት ማዕዘን ላይ አድርጎ ውሃ ልኩን ከላዩ አስደገፈ። አረፋዋ መካከል ላይ እስክትቆም አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ። ከዚያ በመዳፉ ተጫነው።

«ሞላ» አለ ወርዶ፣ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ። «ክፍት ቦታ ጥሩ አይደለም፤ ውሃ ያስገባል።»

እናትየው ብርጭቆውን እንደያዘች ደረቀች። ሳይታዘዝ ተነሳ። ከትሪው ወዲህ ሁለተኛው ነው። ለአሠልጣኙ ልትነግረው እጇ ወደ ስልኩ ሄደ፤ መሃል መንገድ ላይ ተመለሰ። ግድግዳው ላይ የራሷ የተንጋደደ ጽሑፍ፣ አምስቱም መስመር፣ ቀጥ ብሎ ተሰቅሎ እሷኑ ያያታል። ቢላዋው የት እንዳለ ታውቃለች። ሙጫው ግን ገና እርጥብ ነው፤ አሁን ብትስበው በቀላሉ ይላቀቃል፣ ነገ ግን እሺ አይልም። አንድ እርምጃ ወደ ግድግዳው ሄደች።

በሩ ተንኳኳና ተከፈተ። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ናት፤ እግሩን ያሳጠረችለትን የልጁን ሱሪ በክንዷ ላይ አድርጋ፣ መለኪያ ሜትሯን እንደ ሐብል አንገቷ ላይ ጥላ ገባች።

«እንዴት ዋላችሁ? ውሃ ልክ፣ የኔ አንበሳ፣ እንዴት ነህ?»

ልጁ ወዲያው አልመለሰም። ወደ ግድግዳው ዞረ፤ እጆቹን ወደ ኋላ አጣመረና ጮክ ብሎ አነበበ። «ልጄ ደህና አይደለም።» ከዚያ ወደ ሴትየዋ ተመልሶ፣ ያልገባት እንደሆነ ለማስረዳት ያህል፣ «ልጁ እኔ ነኝ» አላት።

ልብስ ሰፊዋ ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀዘቀዘ። ሱሪውን ወደ ደረቷ አስጠግታ ከልጁ ወደ ወረቀቱ፣ ከወረቀቱ ወደ እናትየው አየች። «ምን ሆነ?» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «እህቴ፣ ምን እያለ ነው? ደህና አይደላችሁም እንዴ?»

እናትየው አፏን ከፈተች። ከጠዋት ጀምሮ ስትጠብቅ የዋለችው ጥያቄ ነበር፤ ያለ ቁጥር፣ ያለ ቅጽ፣ በሰው አፍ የቀረበ። ሴትየዋ መልሱን ለመስማት እውነትም ቆማለች። ሻዩ ከኋላዋ ገንፍሎ እሳቱ ላይ ጭስስ አለ፤ ጭሱ ቤቱን ሲሞላው ልጇ አፍንጫው ሥር ያለውን አላወቀም፤ ፊቱን ወደ እናቱ አድርጎ ይጠብቃል።

«ኧረ ምንም» አለች እናትየው። «ምንም አልሆንን። በጣም ጥሩ ነው። አንቺስ ደህና ነሽ?»

የልጇ ፊት በራ።

«ጎበዝ» አላት።